በሰርቪስ ቤት ሽሮ ለመሥራት ላሰቡ

ወዳጄ፣ ዛሬ ተራ ማክሰኞ ነው። ደክሞዎታል። ቤት የተሠራ ትኩስ ነገር አምሮዎታል። ደግ አሰቡ። የሚኖሩት ቦሌ ሚካኤል፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ረጋ ብለው ይከተሉኝ። ሽሮ ሲቸኩሉበት ይጓጉላል።

1. ከታክሲ ወርደው በሶማሌ ምግብ ቤቶቹ በኩል ይለፉ። የሩዙንና የሥጋውን ሽታ በረጅሙ ይሳቡ። በነፃ ነው። ኪራይ የከፈሉበት ሳምንት ከሆነ ሁለቴ ይሳቡ።

2. ሽንኩርት ይግዙ። በኪሎ ሳይሆን በፍሬ። ፌስታሉን ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ፤ አከራይዎ እትዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ባዶ እጁን የሚገባ ተከራይ ያሳዝናቸዋል። ሁለት ፌስታል አንጠልጥሎ የሚገባውን ሲያዩ ግን «ደሞዝ ተጨምሮለታል» ብለው ያስባሉ። እንዲያስቡ አያድርጓቸው።

3. አሁን ወደ ስቶቩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ምጣድ ክልክል መሆኑ ሲገቡ ተነግሮዎታል። ስቶቭ ግን ተፈቅዷል፣ ለሻይ። ስለዚህ ሽሮውን ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ ማድረስ ይጠበቅብዎታል። ከባድ አይደለም። ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ነው፤ እሱን ትናንት ማታ በሌላ ሻይ ስም ሠርተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚቀርዎት ሽሮውን መበተን ብቻ ነበር። ለነገው ያስቡበት። በአንድ ማታ ሦስት ሻይ የሚያፈላ ሰው ያስጠረጥራል።

ቆጣሪው የጋራ መሆኑንም አይርሱ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። ሒሳቡ ሲመጣ እትዬ ለተከራዮቻቸው ያካፍላሉ። የራሳቸው ምጣድ፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ አይቆጠሩም፤ እነዚያ የግቢው ናቸው። የእርስዎ ስቶቭ ግን የእርስዎ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ይሞክሩ።

4. ነጭ ሽንኩርቱን አውሮፕላን ሲያልፍ ይውቀጡ። ሰፈራችን በዚህ የታደለ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚኖር ተከራይ ምን ተገን አለው? ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ዘነዘናውን ያንሱ፤ ጣሪያው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይጀምሩ። ወደ አውሮፓ የሚበሩት የሚበዙት በእኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ብዙ የሚወቀጥ ካለዎት ለእነሱ ያቆዩት።

5. መብራት ሄደ? አይናደዱ። እንዲያውም ለማንበብ ጥሩ ጊዜ ነው። ስልክዎን ያብሩና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይክፈቱ። እጅግ የሚያጽናና ጽሑፍ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስታውቀው አያልፍም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይሁን ይላል። ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ይደሰቱበት። ከዚያ በውሉ ላይ የተጻፈውን በባንክ፣ ያልተጻፈውን በእጅ እንደወትሮው ይክፈሉ። እንዲህ ሲሆን መንግሥትም ደስ ይለዋል፣ እትዬም አይከፉም። ውሉ የተመዘገበበት ቢሮ ሄጄ ልጠይቅ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ርቦዎት ነው፤ ሲበሉ ይለቅዎታል።

6. ውሃ በፈረቃ ነው። ዛሬ ተራው የሌላ ሰፈር ከሆነ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ብቻ ይቅዱ። ውሃ ያጠረው ሽሮ ተጋቢኖ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ከተራው ሽሮ በላይ ያስከፍላል። ባለጠጋ ሆነዋል ማለት ነው። ድስቱን በእንጀራ ይጥረጉት፤ ከማጠብ ይሻላል።

7. ሰው አይጥሩ። እንግዳ እጁን ይታጠባል፤ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፤ ይህ ሁሉ ውሃ ነው። ብቻዎን ቢሆኑም ግን «እንብላ» ማለትዎን አይተዉ። በሩን ዘግተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይበሉት። ባህል እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

8. አሁን የቀረን ሽታው ነው። ሽሮ አይደበቅም፤ እትዬ ሸቷቸዋል። ሳያቀምሷቸው ቢቀሩ «ንፉግ ነው» ይባላሉ፤ ለንፉግ ተከራይ ደግሞ አይታዘንም። ቢያቀምሷቸውና ቢጣፍጣቸው «ደልቶታል» ይላሉ፤ ለደላው ተከራይ በመጪው ወር ይጨመርበታል። ስለዚህ ጥቂት ሽሮ ለይተው ስቶቩ ላይ ይተዉት። ጠርዙ ሲያር ያውጡት። በንጹሕ ሳህን፣ በሁለት እጅዎ፣ ጎንበስ ብለው ያቅርቡላቸው። ጨው ባይኖረው ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።