ቀለሙ ይቅደም

ጋሼ በስተርጅና ወደ ሞተር ሊመለሱ ነው፤ ያውም ስፖርት ሞተር፣ ያውም «ምቾት ያለው»። ሻጩ ምን ገዶት! የስፖርት ሞተር መሪው ዝቅ፣ የእግር መርገጫው ከፍ ያለ ነውና ነጂው የነዳጅ ታንኩ ላይ ይደፋል። የጋሼ ቦርጭ ግን ቀድሞ ደርሷል።

ጉልበቱም አያስተማምንም፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ አየሩ ይሳሳል። 3,000 ሜትር ላይ ተራ ሞተር የጉልበቱን ከሩብ በላይ ያጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 70 ገደማ ይዞ ይወጣል። የቀሩት ፈረሶች ታች ሲግጡ ይውላሉ።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሏል። ጋሼ የመቀመጫውን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ተጫኑት። ፈቃዱስ? «ቆይ፣ መጀመሪያ ቀለሙን ልምረጥ!»