ደም መጣጭ ነኝ ባይ

ቫምፓየር በድሮው ትርጉሙ ሞቶ ያልሞተ፣ ማታ ማታ ከመቃብሩ እየወጣ የሰው ደም የሚመጥ ሬሳ ነው። በአዲሱ ትርጉሙ ደግሞ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ግብሩን በወቅቱ የሚገብር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የሚይዝና «ቫምፓየር ነኝ» የሚል ሰው ነው። የመጀመሪያውን ጎረቤቶቹ ሰየሙት፤ ሁለተኛው በገዛ እጁ ተሰየመ።

ጎረቤት ሲሰይም ምን እንደሚመስል ኪሲሊየቮ የምትባለው የሰርቢያ መንደር ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1725 ፔታር ብላጎየቪች የተባለ ገበሬ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ 9 ሰዎች ተከታትለው ሞቱ። ሚስቱም ባሏ ማታ መጥቶ ጫማውን እንደጠየቃት ተናግራ መንደሩን ጥላ ሄደች። ከመቃብር ድረስ ተነሥቶ የመጣው ሰው ከሚስቱ የፈለገው ጫማ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። መቃብሩ ሲቆፈር ሬሳው እንዳልበሰበሰ፣ ጢሙ እንዳደገ፣ አፉ ውስጥም ትኩስ ደም እንደተገኘ በስፍራው የነበረው የኦስትሪያ መንግሥት ሹም በዘገባው ጻፈ። መንደርተኛው ልቡን በሹል እንጨት ወግቶ ሬሳውን አቃጠለው። ሟቹ ስለ ማንነቱ አስተያየት እንዲሰጥ ዕድል አልተሰጠውም። በኢትዮጵያም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» የሚለውን ስም ያገኙት ማመልከቻ አስገብተው አይደለም፤ ሲክዱት ኖሩ እንጂ። የእንዲህ ያለውን ስም ክብር የተረዳ ትውልድ ገና አልመጣም ነበር።

ያ ትውልድ በዋናነት በአሜሪካ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተወለደ። ዘሩን ሲቆጥር ግን ከፔታር አይጀምርም። በ1819 የገጣሚው የባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ ቫምፓየሩን ሎርድ አደረገው፤ በ1897 ብራም ስቶከር የቤተ መንግሥት ጌታ የሆነውን ካውንት ድራኩላን ጻፈ፤ በ1976 አን ራይስ መልከ መልካምና ሆደ ባሻ አድርጋ በኒው ኦርሊንስ አኖረችው። እንግዲህ ዘር ሲቆጠር ሁሉም ባላባት ነው። ጫማው የጠፋበት ገበሬ አያቱ የሆነ ቫምፓየር ማግኘት ያስቸግራል።

ተፈጥሯዊ ናቸው የሚባሉት ምልክቶችም የየራሳቸው የትውልድ ቀን አላቸው። ከምልክቶቹ አንዱ ፀሐይ አለመውደድ ነው፤ በደመናማ ቀን ጭምር ጥቁር መነጽር የሚደረገው ለዚህ ነው። የስቶከር ድራኩላ ግን ለንደን ውስጥ በቀን ብርሃን ይዘዋወራል። ፀሐይ ቫምፓየር መግደል የጀመረችው በ1922 በወጣው «ኖስፌራቱ» በተሰኘ የጀርመን ፊልም ነው። ፊልሙ ከስቶከር መጽሐፍ ያለፈቃድ የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ባለቤት ከስሳ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አስፈርዳ ነበር። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ በደም ሲወርድ ሲዋረድ መጣ የሚባለው ሕመም አንድ መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ያስቆጠረ፣ ያውም የተሰረቀ ነው። በ1991 ደግሞ አትላንታ አካባቢ የነበረ አንድ የጨዋታ አሳታሚ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ» የተባለውን የሚና ጨዋታ አወጣ። በጨዋታው ቫምፓየሮች በጎሳ ተከፋፍለው፣ ሽማግሌ ሾመው፣ ከሰው ተሰውረው ይኖራሉ። ሽማግሌዎቹ ከጨዋታው ወጥተው ወደ እውነተኛው ማኅበር ለመግባት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ወደ ማንነቱ የሚገባው «በመንቃት» ነው። ንቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ይመጣል ይባላል። የነቃ ሰው ቀን ይደክመዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ብርሃን ይረብሸዋል፣ ከእኩዮቹ የተለየ ሆኖም ይሰማዋል። በዚያ ዕድሜ እነዚህ ምልክቶች የማይታዩበት ልጅ ከተገኘ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

የነቁት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ደም አይነካም፤ ከሰው «ኃይል» ይስባል፣ በንክኪ ወይም ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ። ሰው ቤት ሄዶ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ፣ ሲወጣ እሱ ታድሶ ባለቤቲቱን አልጋ ላይ የሚጥላት እንግዳ ከዚህ ወገን መሆኑን አማርኛ ስላላወቀ እስከ ዛሬ «ነዝናዛ» ብሎ ሲያሳንሰው ኖሯል።

ሁለተኛው ወገን ደም ይጠጣል፤ አጠጣጡ ግን ጨዋነትን የተላበሰ ነው። በመጀመሪያ «ለጋሽ» የሚባለው ፈቃደኛ ይገኛል። ሁለቱም ለኤች አይ ቪና ለጉበት በሽታ ይመረመራሉ፤ ውጤት ይጠባበቃሉ። በተቀጠረው ምሽት ለጋሹ ክንዱን ይዘረጋል፤ ቆዳው በአልኮል ይጠረጋል፤ በታሸገች የላቦራቶሪ መርፌ ቀስ ተብሎ ይበጣል። «አመመህ እንዴ?» ይባላል። ጥቂት ጠብታ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይወሰዳል፤ ከዚያ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ምስጋና ይቀርባል። የአማርኛው ደም መጣጭ አራጣ አበዳሪው ነበር፤ ምርመራም ፈቃድም አልጠየቀም፣ በማንኪያም አልለካም።

አንድ የሻይ ማንኪያ ደም አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አብዛኛው ውኃ ሲሆን ሁለት ሚሊ ግራም ከምናምን ብረት ይገኝበታል፤ አንድ ሳህን ምስር ወጥ ይበልጠዋል፣ እሱም የጾም ነው። ፕሮቲኑን ጨጓራና አንጀት እንደማንኛውም ሥጋ ሰባብረው ይፈጩታል እንጂ ወደ ጠጪው ደም ሥር ደም ሆኖ የሚገባ ጠብታ የለም። በደም ብቻ የሚኖሩ ሦስት የሌሊት ወፍ ዝርያዎች በላቲን አሜሪካ አሉ። የታወቀችው ዝርያ በአንድ ሌሊት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ካላገኘች ትሞታለች፤ የተራበች ጓደኛዋንም ከሆዷ አውጥታ ታጎርሳለች። ደም ጠጪው ሰውዬ ግን ከማንኪያ እስከ ማንኪያ ባለው ጊዜ በርገር ይበቃዋል።

ማኅበር የሌለው ማንነት ስለማይጸና፣ በ2005 የአትላንታና የኒው ኦርሊንስ ቫምፓየሮች በየከተማቸው ተደራጁ። «ጥቁር ዓይነ ርግብ» የሚል የሥነ ምግባር ደንብም አለ፤ ምስጢር ጠብቁ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ ለጋሽን አትጉዱ ይላል። የአትላንታዎቹ በድምሩ ከ900 በላይ ጥያቄ ያለባቸው የጥናት መጠይቆች አዘጋጅተው በትነዋል፤ ዘላለማዊ ሕይወት ቢኖር ኖሮ ለመሙላቱ ይመች ነበር። የኒው ኦርሊንሶቹ በበዓል ቀን ቤት አልባ ሰዎችን ሲያበሉ ቆይተዋል። እዚህ ላይ ሽሙጡ ሊያፍር ይገባዋል፤ ደም የማይጠጣ ብዙ ማኅበር ያን ያህል እንኳ አያደርግም። በ2015 ደግሞ አንድ የአይዳሆ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመራው ጥናት 11 ቫምፓየሮችን አነጋግሮ፣ ማንነታቸውን ለሐኪምና ለማኅበራዊ ሠራተኛ መናገር እንደሚፈሩ አስታወቀ። ጭራቁ ተፈርቶ የኖረበት ዘመን አልፎ፣ ጭራቁ ራሱ ካርድ ክፍል ውስጥ ፈርቶ ተቀምጧል።

የቀረው ጥርስ ነው። የውሻ ክራንቻ የመሰለው ረጅም ጥርስ ከድዱ አይበቅልም፤ ባለሙያው የደንበኛውን የጥርስ ቅርጽ ወስዶ ከአክሪሊክ ይሠራዋል፣ ቀለሙንም ከሌሎቹ ጥርሶች ጋር ያመሳስለዋል። በጭምብል ግብዣ ሌሊት ይደረጋል፤ ሙቅ ነገር ይጠላል፣ «ሰ» የምትለዋንም ፊደል ያፏጫል። ግብዣው ሲያልቅ ወልቆ ይታጠብና እንደ አያት ሰው ሠራሽ ጥርስ በሣጥኑ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ መግባት አለበት።