የደከመችው ልጅ፣ የተጠቀሱት አባት

አልማዝ ተሰማ የምትባል ተመራማሪ አለች እንበል። የደከመችው እሷ፣ የሚጠቀሱት አባቷ! በዋቢ ዝርዝሩ ላይ «ተሰማ አ.» ተብለው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ልጅት አንዲት ፊደል ሆና ትከተላለች። አቶ ተሰማ የቤተ ሙከራ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ምሁርነታቸውን ግን ዓለም መስክሮላቸዋል።

በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ቫንኩቨር ላይ የመከሩት የጽሑፍና የዋቢ አጻጻፍ አንድ ወጥ እንዲሆን ነበር። ይኸው ዛሬም አንዱ መጽሔት የዋቢውን ቁጥር በቅንፍ፣ ሌላው ከመስመር ከፍ ብሎ ካላየ አይወድም። በቫንኩቨር ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ስም በኋላ ያለው ሁሉ «እና ሌሎች» ውስጥ ይሰምጣል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር (ኤፒኤ) መመሪያ ሰባተኛ እትም ግን እስከ 20 ሰው በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ሰባተኛ ተራ የደረሳችሁ፣ ጽሑፉ የት እንደሚላክ አስቀድማችሁ ጠይቁ።