ዓይኑ ዐ ራት ላይ

ሐርጌሳ ውስጥ 26 ጁን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960። ያ ነፃነት የቆየው አምስት ቀን ነበር፤ ጁላይ 1 ላይ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። ቀኑ በእኛ ሰኔ 19 መሆኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሐዋርያት ጾም መካከል ላይ። ይህን ጾም «የቄስ ነው» ብለን የምናልፍ ብዙ ነን። አብሮኝ የተጓዘው ጎንደሬ ግን ከቄሶቹም ይብሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ይዤ ነው በወርኃ ሰኔ በዚያ ሰፈር ለራት የተቀመጥኩት። የምግቡ ዝርዝር ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ቋንቋው ሶማልኛ፣ ፊደሉ ላቲን። ጓደኛዬ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ቆይቶ አንዱ መስመር ላይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቢ፣ ኢ፣ ኢ፣ አር!» አለኝ በሹክሹክታ። መጠጥ በተከለከለበት አገር፣ ያውም ግድግዳ ላይ! ቢራ ደግሞ ጾም አያስገድፍም። ሁለት ጣቱን ቀስሮ አዘዘ። አስተናጋጁ እሺ ብሎ ሄደና በሽንኩርት የተጠበሰ ጉበት በሁለት ሳህን አምጥቶ ፊታችን ደረደረ። በሶማልኛ ቤር ጉበት ነው።

ጎንደሬው አማተበ። ከጎናችን ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ሩዝና የፍየል ሥጋቸውን በሙዝ እያወራረዱ ነበር (እዚያ ሙዝ ከምግቡ ጋር እንጂ ከምግብ በኋላ አይጠበቅም)። ሳቃቸው አመለጣቸውና «ልጄ፣ ጾመኛ ነህ እንዴ?» አሉ፤ በጠራ አማርኛ። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዷል፤ እሳቸውም ድንበር አቋርጠው ድሬዳዋ ዓመታት ኖረዋል። አገሬው ታላቁን እንደሚጠራው «አዴር» አልናቸው። ሁለቱንም ሳህን ወደ እኔ ገፉና ትምህርቱን ጀመሩ።

መጀመሪያ ለኦርቶዶክስ የሚበጀውን አስቀደሙ። «ጌል ግመል ነው። ሂልብ ጌል ካሉህ ሥጋው ነውና ሩጥ። ዓኖ ጌል ካሉህ ወተቱ ነውና ሩጥ። ወተቱን እምቢ ብለኸኝ ብትጠጣውም ያው ትሮጣለህ።»

አስቸጋሪው ጽሕፈቱ ነበር። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ላቲንን ሲይዝ ለዐ ድምፅ «ሲ»፣ ለሐ ድምፅ «ኤክስ» ተመደቡ። ስለዚህ ጓደኛዬ ግድግዳውን እያየ ዓኖን «ካኖ»፣ ዐምቡሎን «ካምቡሎ» ይላል። ላሖሕን፣ ያቺን ጠዋት ከሻይ ጋር የምትበላዋን (የእንጀራ እኅት ማለት እሷ ናት)፣ «ላክሱክስ» ሲላት አዴር ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

መፍትሔው ከጎንደሬው ኪስ ወጣ። ግድግዳውን ትቶ ከሽማግሌው አፍ የሚሰማውን በማስታወሻ ደብተሩ በግዕዝ ፊደል ይጽፍ ጀመር። ዓይኑ ዐ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፤ የጎደለ የለም። እኛ እነዚህን ሞክሼዎች ይቀነሱ፣ አይቀነሱ እያልን ዕድሜያችንን ፈጅተናል። ድምፃቸው ከአማርኛ ጉሮሮ ከወጣ ቆይቷል፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ግን ጠብቀውታል፤ ለእኛ የቀረልን መልካቸው ነው። የቅነሳው ደጋፊዎች አንድ ቀን 26 ጁን ላይ ራት ቢጋበዙ ክርክሩ ሳይለዝብ አይቀርም ባይ ነኝ።

መጻፉስ ተሳካ፤ ማለቱ ነው የቸገረ። «ከታች! ከጉሮሮህ ሥር አውጣው!» ይላሉ አዴር። ጎንደሬው አንገቱን ወጥሮ «ዐ... ዐ...» ሲል ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ደግ ሰው አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት ውኃ ይዞ መጣ። ጠጣለትና ቀጠለ።

በመጨረሻ ዐምቡሎ ታዘዘ፤ ጥቃቅን ቀይ አደንጓሬ፣ በለስላሳ እሳት ለረጅም ሰዓት የበሰለ። «ሱበግ አይግባበት፣ ቅቤ ነው» ብለው አዴር ራሳቸው ለአስተናጋጁ አስጠነቀቁልን፤ በምትኩ ማዕሰሮ የሚሉት የሰሊጥ ዘይት ይፍሰስበት ተባለ፣ በዱሮው ልማድ ግመል እየዞረ የሚያስጨምቀው። ጾም ሆነ ማለት ነው። ጎንደሬው ጸሎቱን አድርሶ ጎረሰና አፉን ሳይዘጋ ቀረ።

«ስኳር አለበት!»

«ታዲያ ዐምቡሎ ያለ ስኳር ይበላል?» አሉ አዴር።

«ጨው በሶማልኛ ምንድን ነው?»

«ዑስቦ።»

ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ዑስቦ!» ሲል ቤቱ ዞሮ አየው። ዐይኗ አንዲት እንከን አልነበራትም፤ አስተናጋጁም ሳያስደግመው ጨው ይዞ መጣ። አዴር በተማሪያቸው ኮርተው ሳይጨርሱ ጨዉ ስኳሩ ላይ ሲነሰነስ አዩና ሳህናቸውን ይዘው ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።