«ጥልቅ» ስለተባለው ቅጽል ከደጀን አፋፍ የተደረገ ምርመራ

እንግሊዞች ጥልቅ ለማለት የሚጠቀሙበት «ፕሮፋውንድ» ከላቲን የተወሰደ ነው፤ በውስጡ ያለው «ፉንዱስ» ወለል ማለት ስለሆነ፣ ጥልቅ ነኝ ባይ ሁሉ ወለሉን ማሳየት ይጠበቅበታል። ለዚህ ፈተና ከደጀን የተሻለ ቦታ የለም። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ወለል ለመኖሩ ምስክር አይጠፋም፤ ወንዙ ላይ የህዳሴን ድልድይ የሠሩት ጃፓኖች ምሰሶውን የተከሉት መቆሚያ አግኝተው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ከደጀን የተሳፈረ መንገደኛም ድልድዩ ጋ ሳይደርስ አውልቆ ጭኑ ላይ ያጥፈዋል፣ በማዶ ያለውን የጎሐ ጽዮንን ዳገት ሲጨርስ መልሶ ይደርበዋል። እንግዲህ ጥልቀት ጋቢ ያስወልቃል። «ጥልቅ ውይይት» ተደርጎበታል በተባለ አዳራሽ ግን ኮት የሚወልቀው ለምሳ ነው።

ስለዚህ የቢሮው ቅጽል ዘሩ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ሳይጠሩት ዘው የሚለውን ሰው «ጥልቅ ብዬ» ይለዋል። በደብዳቤና በመግለጫ የምናገኘው «ጥልቅ» ከዚህኛው ወገን ነው፤ ስሙ ሳይጠራው ፊቱ ድንቅር ይላል። «ሐዘንስ ጥልቅ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነው፤ ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት «አንጀቴ ተቃጠለ» ትላለች እንጂ «ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶኛል» አትልም። እንዲህ የሚለው ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ አንጀት ስለሌለው አይፈረድበትም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከታሪክ ይመጣል። ኢሕአዴግ በ1993 «ተሃድሶ» ሲል ቅጽል አላስፈለገውም ነበር፤ በ2009 ግን «ጥልቅ ተሃድሶ» አለ። ይህም ጥልቅ ብዬ ነው እንዳይባል ማስረጃው አስቸጋሪ ነው፤ በ2012 ግንባሩ ራሱ ፈርሶ አብዛኛው ወገኑ ብልጽግና ሆኗልና። ወለሉ ላይ መድረሱ የተረጋገጠለት የመግለጫ ጥልቀት ይህ ብቻ ስለሆነ፣ በደጀን መስፈርት አልፏል። ጋቢውን ማን እንዳወለቀ፣ ማንስ መልሶ እንደደረበው ግን ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።