ነጋሪቱና ጓሳው

ተረት ተረት። የላም በረት።

መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ጓሳ የሚባል ሣር የሚበቅልበት ብርዳም ተራራ አለ። ተራራውም ሣሩም ዛሬም አሉ፤ ተረት የሆነው የቀረው ነው።

በዚህ ተራራ ላይ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ቁራና ፍልፈል ይኖሩ ነበር። ጭላዳዎቹ ሣሩን ይነጫሉ፤ ቀበሮው ዙሪያውን ይጠብቃል፤ ቁራው ከላይ ሆኖ ያያል። ፍልፈሉ ከመሬት በታች ስለሚኖር ማንም አይቆጥረውም። ሕጋቸው አንድ ነበረች፤ ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን እንኳን አፍ፣ ጥላም አያርፍበት። ሣሩ ደርሶ የበጋው ድርቀት ሲጠና ቁራው ቋጥኝ ላይ ይወጣና "ተከፍቷል!" ይላል፤ ያን ቀን ሁሉም ይገባል። ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲደርስ፣ ክረምቱ ገብቷልና ይዘጋል።

ይህን ሕግ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። የመንዝ ሰው ቄሮ ይለው የነበረ ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት በየወገናቸው አባ ቄራ ይመርጡ ነበር፤ ቀኑን የሚቆርጠውም እሱ ነበር። የጓሳ ክዳን፣ የጓሳ ገመድ፣ የጓሳ ገሳ፣ ሁሉም በዚያ ትዕግሥት የተገኘ ነው።

ከተራራው ርቆ፣ ብዙ ቀን በሚያስኬድ ቆላ፣ አንበሳ ነግሦ ነበር። ትእዛዙ የሚተላለፈው በነጋሪት ነው። በነጋሪቱ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ጅብ በመንጋ የመጣ ዕለት ተራሮቹን ሁሉ ያስተባበረው እሱ ነው። ከጓሳ የሚወርደው ውሃ አንዳንዱ ወደ ዓባይ፣ አንዳንዱ ወደ አዋሽ ይፈሳልና፣ የታችኞቹ ተራሮች በምንጭ ሲጣሉ ዳኛው የሚመጣው በነጋሪቱ ጥሪ ነበር።

አንበሳው ግን ድምፁ ሁሉም ጉድጓድ ድረስ እንዲገባ ፈለገ፤ ነጋሪቱን አሰፋው። ሰፊ ነጋሪት ሰፊ ቆዳ ይፈልጋል፤ ከየተራራው ቆዳ ተሰበሰበ። ቆዳው በሰፋ ቁጥር ላላ፤ በላላ ቁጥር ድምፁ ታፈነ፤ ድምፁ በታፈነ ቁጥር አንበሳው "የሚሰማኝ የለም፤ ይስፋ" አለ። ቆዳ ሰብሳቢዎቹ ከነጋሪቱ ድምፅ ቀድመው የሚደርሱበት ዘመን መጣ።

አንድ ቀን ነጋሪቱ እንዲህ አለ፦ "ከዛሬ ጀምሮ ጓሳው የሁሉም ነው። ጠባቂው እኔ ነኝ።"

ፍልፈሉ ይህን ሲሰማ ከጉድጓዱ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ከዚያ በፊት የሁሉም ሲባል እሱን ጨምሮ አያውቅም ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደው ሰው ደስታም እንዲሁ ይመስለኛል። ደስታው ተገቢ ነበር። ግን ከርስቱ ጋር ቄሮም አብሮ ወደቀ።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ጓሳው ገባ። ሣሩን ነገ አንበሳው ይጠብቀዋል እያለ ዛሬ የማይነጭ አልነበረም። አንበሳው ደግሞ ሩቅ ነው። በሁለተኛው ክረምት ቁልቁለቱ ታጠበ፤ ጎርፉም መጀመሪያ የገባው የፍልፈሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት ነጋሪቱ ተቀደደ። ማንም አልቀደደውም፤ ብዙ ተወጥሮ ብዙ የላላ ቆዳ ነበር።

ተራራው ላይ ጉባኤ ተጠራ። ነብር ይንገሥ ያሉ ነበሩ። እመት ጭላዳ ግን፣ ልጇን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች፣ "ንጉሥ ስንፈልግ ሣሩ ያልቅብናል። እንዝጋው" አለች። ቀበሮው ወዲያው ተነሣ። "እንደ ጥንቱ እኔ እጠብቃለሁ።"

ያኔ መሐላቸው አፈሩ ተነቃነቀ። የፍልፈሉ ጥርስ ብቅ አለ።

"አያ ቀበሮ፣ ሣሩን እርስዎ ይጠብቃሉ። እኔን ከእርስዎ ማን ይጠብቀኛል?"

ጉባኤው ዝም አለ። እኔም እዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ አልችልም። ራስን በራስ ማስተዳደርን የምንወድ ሰዎች ይህን ጥያቄ መሸሽ ይቀናናል። የሩቅ ገዢ ያለህበትን ላያውቅ ይችላል፤ የቅርብ ገዢ ግን የጉድጓድህን በር ያውቃል።

ቀበሮው ተቆጣ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሸንጎ የምትቀመጠው?" ብሎ ጥሎ ሄደ። ጉባኤው ያለ እሱ ሦስት ቀን ዋለ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ፤ ብቻውን መዝጋት እንደማይችል ገብቶት ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ሸንጎው ባለበት ሜዳ አደን እንዳይኖር፣ ፍልፈሉም እንደማንኛቸውም ድምፅ እንዲሰጥ ተስማሙ። ከሜዳው ውጭ ስላለው ግን አልተስማሙም። መንዞችም ጓሳውን መልሰው ሲይዙ ኮሚቴውን ያዋቀሩት በየቀበሌው ተወካይ እንጂ በዘር ሐረግ አልነበረም፤ ያንን ለማድረግ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቁ አስባለሁ።

የምንጩን ጠብ አሁን ማን ይዳኛል? ቁራውን ወደ ታችኛው ተራራ ላኩት፤ ከዚያም ሌላ ቁራ መጣ። ሁለቱ ወሰኑ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ጓሳው የጭላዳ ደረት ደረሰ። ግልገሎቹ ከስተዋል፤ እናቶቹ ዳር ዳር ይላሉ። ቁራው ከላይ አይቶ መጣና "ደርሷል" አለ። ሁሉም ተነሣ። ቀበሮው ግን ባለበት ቁጭ ብሎ ወደ መሬት ጎንበስ አለ።

"አያ ፍልፈል፣ ከታችስ እንዴት ነው?"

ፍልፈሉ ጥቂት ቆየ።

"ገና ነው። ሥሩ አልያዘም።"

እመት ጭላዳ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ከቆላው በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ነጋሪት ይሁን ነጎድጓድ የለየው አልነበረም።