የጠፋ ቁልፍ ሰዋስው፦ ንጽጽራዊ ጥናት

፩. የጥናቱ ዳራ

ሰው ዕቃ ማስቀመጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዕቃ ይጠፋል። በዚህ ላይ ምሁራን አይከራከሩም። የሚያከራክረው ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ቋንቋዎች ይህን ጉዳይ ፖሊስ ሳይሰማ ግሡ ላይ ይጨርሱታል። ይህ ጥናት እንግሊዝኛንና ጣልያንኛን ይመረምራል። አማርኛ በታዛቢነት ተጋብዟል፤ እንደ ታዛቢ ሁሉ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

ለናሙናነት የተመረጠው የቤት ቁልፍ ነው። ቁልፍ በሦስቱም አገር አለ። በዚያ ላይ መጥፋቱ የሚታወቀው በር ላይ ከተደረሰ በኋላ በመሆኑ፣ የጥናቱ ተሳታፊዎች በሙሉ ደጅ ቆመው ይገኛሉ፤ መግቢያም የላቸውም።

፪. እንግሊዝኛ፦ የኑዛዜ ግሥ

እንግሊዛዊ ቁልፉ ሲጠፋ «ሉዝ» የሚለውን ግሥ አንሥቶ ራሱን ያስከስሳል። የቁልፉ ባለቤት የዐረፍተ ነገሩም ባለቤት ይሆናል፤ ቁልፉ ተሳቢ ሆኖ በንጽሕና ይቀመጣል። «እኔ ነኝ» ያለን ሰው ደግሞ ማንም አይመረምረውም። ቤተሰቡ በቀጥታ ወደ ቁልፍ ሠሪ ስልክ ይደውላል።

ችግሩ ይህ ግሥ ሥራ የበዛበት መሆኑ ነው። በጨዋታ የተሸነፈ፣ ክብደት የቀነሰ፣ ትዕግሥቱ ያለቀ፣ መንገድ የሳተ፣ ዘመድ የሞተበት ሁሉ የሚጠራው ይህንኑ ነው። አንዲት ሴት «ባሌን ሉዝ አድርጌአለሁ» ብትል፣ ሰሚው «እግዜር ያጽናሽ» ማለት ወይም ወደ ገበያ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ መሮጥ እንዳለበት ወዲያው አያውቅም። ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ላይ ለመድረክ ባበቃው ኮሜዲ ይህን ክፍተት አይቶታል። ሁለቱንም ወላጆቹን በዚህ ግሥ «ያጣ» ወጣት የሚወዳትን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌነቱን ራሱ ይዞ ሲቀርብ፣ የልጅቱ እናት ከሐዘኔታ ይልቅ በንዝህላልነት ትወቅሰዋለች።

ኑዛዜው ለከበዳቸው ጨዋዎች ቋንቋው ሁለት ማቅለያ አዘጋጅቷል፦ «ሚስፕሌስ» እና «ሚስሌይ»። እነዚህን የሚጠቀም ሰው ዕቃው አልጠፋም ባይ ነው። በክብር፣ አስቦበት፣ አንድ ቦታ አስቀምጦታል፤ የተሰወረበት ቦታው ብቻ ነው። በዚያው በዋይልድ ኮሜዲ ሞግዚቷ የጻፈችውን ልብ ወለድ በሕፃኑ ጋሪ፣ ሕፃኑን በእጅ ቦርሳ አድርጋ ቦርሳውን በቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ማስቀመጫ ትታዋለች። ግሡ በትክክለኛ ትርጉሙ እንዲህ ይሠራል፤ ሕፃኑ በሚገባ ተቀምጧል።

ይህ ልዩነት የጨዋታ ጉዳይ እንዳይመስል ፍርድ ቤቶች ገንዘብ አሳርፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ አገር ሱቅ ወለል ላይ የተገኘ የብር ኖት ጥቅል ላገኘው ሰው እንዲሰጥ ተፈረደ፤ ወለል ላይ ያለ ነገር ወድቋልና። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ደንበኛ ጸጉር ቤት ጠረጴዛ ላይ የገንዘብ ቦርሳ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነገር አልወደቀም፣ ተቀምጦ ተረስቷል ብሎ ጥበቃውን ለጸጉር አስተካካዩ ሰጠ። ተመሳሳይ ገንዘብ፣ ከመሬት በክንድ ያህል ከፍ ስላለ ጌታ ለወጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳ ያየ ሰው ከማንሣቱ በፊት ሰዋስው ያማክር።

ለንደን ከተማ በትራንስፖርት ውስጥ የሚረሱ ዕቃዎችን ከ1933 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤከር ስትሪት ላይ ታከማች ነበር። መርማሪው ሸርሎክ ሆምስ በልብ ወለድ የኖረበት ጎዳና ነው። ለጃንጥላ ብሎ ግን አንድም ቀን እንደተነሣ አልተመዘገበም።

፫. ጣልያንኛ፦ ጥፋቱ በራሱ የሄደበት ቋንቋ

የጣልያንኛው ዋና ግሥ «ፔርዴሬ» ነው። በዚህ ግሥ ሮማዊ ቁልፍ ያጠፋል፣ ጊዜ ያጠፋል፣ ጨዋታ ይሸነፋል። ባቡርም ያጠፋል፤ የጠፋው ባቡር ግን በሰዓቱ ሚላን ገብቶ ቆሞ ይገኛል። ቧንቧው ሲያፈስም ግሡ ያው ነው። ስለዚህ ሮም ውስጥ ባቡር አጥቶ በብስጭት ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧም በዚያው ግሥ ሲያጠፋ ሊያገኘው ይችላል።

ከ«ፔርዴሬ» ጎን የቆመው «ዝማሪሬ» የደንብ ልብስ የለበሰ ግሥ ነው። ሰነድ ላይ ይወጣል፣ ጣቢያ ላይ ይለጠፋል፤ የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ የሚጠራው በዚህ ነው። ጣልያን የሚኖር ኢትዮጵያዊም ይህን ግሥ ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ከጣልያን ፖሊሶች፣ ከካራቢኒየሪ ይማረዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ የጠፋበት ሰው «ዴኑንቻ ዲ ዝማሪሜንቶ» የሚባል ማመልከቻ ካልሞላ ምትክ አያገኝም። እዚያ ሲደርስ ተሰርቆ ነው ወይስ ጠፍቶ ነው ተብሎ ይጠየቃል። «እንዴት አውቃለሁ፣ ጠፋብኝ» የሚለው መልስ በአማርኛ የተሟላ ነው፤ ለፎርሙ ግን አይበቃም።

ይኸው ግሥ ለሰውም ይውላል። ዐይኑ የተቅበዘበዘ፣ የሚይዝ የሚጨብጠው የጠፋበት ሰው በዚሁ ቃል ይገለጻል፤ ስለዚህ ቢሮው ፊት ዕቃውም ባለዕቃውም በአንድ ቅጽል ይሰለፋሉ።

የጣልያንኛ ትልቁ ግኝት ግን «ሲ» የምትባል ትንሽ ቃል ናት። ሮማዊ ቢፈልግ «ቁልፉን አጠፋሁ» ይላል፤ ካልፈለገ «ሚ ሲ» ብሎ ይጀምርና ቁልፉ በራሱ አሳብ እንደሄደበት ያስረዳል። ባለቅኔው ዳንቴም ከዚህ የራቀ አልነበረም። «መለኮታዊ ኮሜዲ»ው የሚጀምረው ባለታሪኩ በዕድሜው አጋማሽ ጨለማ ጫካ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ግሡም «ዝማሪሬ» ነው፤ ግን የጠፋው መንገዱ ነው እንጂ ዳንቴ አይደለም። የጣልያንኛ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ሥራ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ጥፋተኛውን ለይቷል፦ መንገዱ።

ነገሩ በዚህ ሲወሳሰብ ጣልያኖች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1231 ፓዶቫ አጠገብ ላረፈው ለቅዱስ አንቶኒዮ አስረክበዋል፤ የጠፋ ዕቃ ጠባቂያቸው እሱ ነው። ለማያምን ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1942 የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፦ ያገኘ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ለከንቲባው ያስረክባል፤ ማስታወቂያው ከወጣ አንድ ዓመት አልፎ ባለቤቱ ካልመጣ ዕቃው ላገኘው ይሆናል።

፬. የታዛቢው አስተያየት

አማርኛ «ጠፋብኝ» ይላል። ቁልፉ ባለቤት ነው፤ ሄዷል። ተናጋሪው «ብ» በምትባል ፊደል ሥር ተጠልሏል። ዘነበብኝ፣ መሸብኝ፣ ሞተብኝ በሚሉ ቃላት ውስጥ ያለችው ናት፤ ዝናቡን እንዳላዘነብክ፣ ቁልፉንም አላጠፋህም። አውቶቡስም እንዲሁ «ያመልጥሃል»፤ አንተ ዘግይተህ አይደለም። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ለመመለስ የሞከረ ሰው «አጠፋሁ» ላይ ይወድቃል፤ ያ ደግሞ ይቅርታ ተጠይቆበት፣ ድንጋይ ተሸክመው የሚታረቁበት ቃል ነው። ለአንድ ቁልፍ ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም።

ግሡ ጥፋተኛ ስለማይጠራ ጥሪው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። እናት በር ላይ ቆማ «ማን ነካው?» ትላለች። ልጁ «አላየሁም» ይላል፤ ያየ አልተጠየቀም። ሠራተኛዋ ጠዋት ቤት እንዳልነበረች ታስረዳለች። አያት «ሰይጣን ሰውሮት ነው እንጂ የትም አይሄድ» ብለው ምርመራውን ወደ ላይኛው አካል ያስተላልፋሉ። ሁሉም ኪሱን ይገለብጣል። ቁልፉ በመጨረሻ በእናት ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይገኛል፤ ምርመራው «ታዲያ ማን አስቋጠረኝ?» በሚል ይቀጥላል።

ይህ አሠራር በመንደር ደረጃም ታሪክ አለው። በቀድሞው ጊዜ ከብት ጠፍቶ አጥፊው ባልታወቀ ጊዜ አገሬው በሙሉ ለአፈርሳታ ወይም ለአውጫጭኝ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪወጣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛ አንዱን ሰው በግሡ ይዞ ሌላውን ያሰናብታል፤ አማርኛ አንዱን በግሡ አሰናብቶ ሌላውን ሁሉ ይይዛል።

፭. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

በመጥፋት የተለያዩት ሦስቱ ቋንቋዎች በማግኘት ይስማማሉ። ቁልፍ ሲገኝ በራሱ የተገኘበት ቤት የለም። እንግሊዛዊው «እኔ አገኘሁት» ይላል፤ ጣልያኑ «ሲ»ን ይጥላታል፤ እኛም «ብ»ን ትተን ጎረቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አገኘሁት!» እንላለን። የጣልያን ሕግ ለዚህ ድምፅ ዋጋ ተምኖለታል፦ ያገኘ ሰው ከጠየቀ እስከ 10,000 ሊሬ ድረስ አንድ ዐሥረኛ፣ ከዚያ ለሚበልጠው አንድ ሃያኛ። 10,000 ሊሬ በዛሬ ስሌት ከ5 ዩሮ ትንሽ ይበልጣል።

የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ግን ይህን ወሮታ ሲከፍል አልታየም። «አገኘሁት» ያለ ሰው ወዲያው «ድሮስ እዚያ ያስቀመጥከው አንተ አይደለህ!» ይባላል፤ ምርመራውም በእሱ ይዘጋል። ስለዚህ ጥናቱ የሚከተለውን ይመክራል። ቁልፉን ያየ ሰው በእጁ አይንካው፣ ስሙንም አይጥራ፤ «ተገኘ» የሚለውን ግሥ ብቻ ተናግሮ፣ በሩ እስኪከፈት ከሌሎቹ ጋር መፈለጉን ይቀጥል።